ከብቱ ተከትቦ ለምን ታመመ? የክትባት ፕላን የሚበላሽባቸው ቦታዎችና መፍትሄያቸው

"ክትባቱ አይሰራም" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀን ነው። መቼ ተከተበ፣ መቼ ታመመ፣ ብልቃጡ ከፍሪጅ ከወጣ ስንት ሰአት ሆነው። ብልቃጡ ራሱ የተበላሸ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ፕላኑ ነው።

ተከትቦ ሳምንት ሳይሞላው ታመመ

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያጣላን ነው፣ ባለከብቱ "መርፌው ነው በሽታውን ያመጣው" ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ በሽታው መንጋው ውስጥ ገብቶ ነበር ግን ምልክቱ ገና አልወጣም፣ ክትባቱ ደግሞ በተወጋበት ቀን አይሰራም። የአባሰንጋ ክትባት እንኳን መከላከል የሚጀምረው ከሳምንት እስከ 10 ቀን ቆይቶ ነው፣ የአፍተግር ደግሞ ከ3-4 ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ዶዝ ካልተጨመረበት መጀመሪያ የተሰጠው ቶሎ ይዳከማል።

መፍትሄው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የቆዳ ጉርብርብ ዝንብና ትንኝ በሚበዛበት ወቅት የሚነሳ ከሆነ ክትባቱ ቢያንስ ከወር በፊት ማለቅ አለበት፣ ሁለት ዶዝ የሚፈልግ በሽታ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን ዶዝ ከወቅቱ በፊት አስቀምጠህ ከዛ ላይ ሌላ 4 ሳምንት ቀንስ፣ የመጀመሪያው ቀን እዛ ጋር ነው። አብዛኛው ሰው የሚነሳው ጎረቤት ከብት ሲሞት ነው።

በሽታው አንዴ ከተነሳስ? መከተብ ይቻላል፣ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚሰራው። መጀመሪያ ዙሪያውን ያለው ጤነኛ መንጋ፣ ከዛ ወደ ታመመው ሰፈር እየተጠጉ መሄድ። የታመመው አይከተብም። መርፌ በየከብቱ ይቀየራል፣ አንድ መርፌ ይዞ መንጋ ማዳረስ በሽታውን በእጅ ማከፋፈል ነው።

አፍተግር ተከትቦ እንደገና አፍተግር ያዘው

እዚ ጋር ሁለት ምክንያት ነው ያለው። አንደኛው ቡስተር (ማጠናከሪያ ክትባት) ተረስቷል (በየ6 ወሩ የሚደገም ነው፣ በአመት አንዴ እየወጉ መቀመጥ አይበቃም)። ሁለተኛው ደግሞ የአፍተግር ቫይረስ 7 አይነት ነው፣ ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤሺያ 1፣ ሳት 1፣ ሳት 2 እና ሳት 3፣ የአንዱ ክትባት ለሌላው አይሆንም። ኦ ተከትቦ ኤ ከመጣ እንዳልተከተበ ቁጠረው። ስለዚ ሌላ ክትባት ከመግዛትህ በፊት ምላሱ ላይ አዲስ ከፈነዳው ቁስል ናሙና በባለሙያ ተወስዶ ላብራቶሪ ይሂድ፣ አይነቱ ሳይታወቅ መውጋት ገንዘብ መበተን ነው።

ትልልቆቹ ደህና ናቸው፣ ጥጆቹ ብቻ ታመሙ

እናቲቱ ተከትባ ከነበረ ጥጃው በእንገር መከላከያውን ወስዷል፣ ያ መከላከያ ደሙ ውስጥ እያለ የምትሰጠውን ክትባት ራሱ ያጠፋዋል። በወሩ ወጋኸው፣ መዝገብ ላይ ተከትቧል ተብሎ ተጻፈ፣ በ5 ወሩ ባዶውን ነው። ከተከተበች እናት የተወለደ ጥጃ እንደ ክትባቱ አይነት ከ4 እስከ 6 ወሩ ይጠበቃል፣ ካልተከተበች የተወለደ ደግሞ ቀድሞ መከተብ ይችላል። ለዚ ነው ከዋናው ዘመቻ በኋላ እድሜያቸው ያልደረሰውን የሚለቅም ሁለተኛ ዙር ፕላን ውስጥ መግባት ያለበት።

በአንድ ቀን ከተከተቡት ግማሹ ብቻ ታመመ

አይስ ቦክሱን ክፈተው። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፣ ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉም ያውቃል፣ በረዶ እንደሚያበላሸው ግን የሚያውቀው ትንሽ ነው። እኔም ስጀምር ብልቃጡን በረዶው ላይ ቀጥታ አስተኝቼው አውቃለሁ፣ ጥንቃቄ መስሎኝ። እንደ አፍተግር ያለ የሞተ ቫይረስ ክትባት አንዴ በረዶ ከሰራ ቢሟሟም አይሆንም፣ ይጣላል። ዱቄት ሆነው የሚመጡት (ጉርብርብ፣ ፒፒአር የሚባለው የበግና ፍየል በሽታ) ደግሞ ከተበጠበጡ በኋላ እድሜያቸው በሰአት ነው የሚቆጠረው፣ ጠዋት በጥብጦ ከሰአት መውጋት የለም፣ የተረፈ ለነገ አይቀመጥም።

ሌላ ሰው የማያስበው ነገር አለ፣ ሲሪንጁን በአልኮል ወይ በበረኪና አጥበህ ህይወት ያለው ክትባት ከሞላህበት ክትባቱን ገደልከው። ቀቅለህ አቀዝቅዘው። የአባሰንጋ ክትባትም ህይወት ያለው ባክቴሪያ ስለሆነ በዛ ሰሞን አንቲባዮቲክ የተወጋ ከብት ላይ አይሰራም።

የተወጋበት አበጠ፣ ያረገዘችው ጣለች

ትንሽ እብጠት የተለመደ ነው፣ ይጠፋል። በደቂቃዎች ውስጥ መተንፈስ ካቃተውና ከወደቀ ግን አለርጂ ነው፣ አድሬናሊን (ለዚህ የሚወጋው መድሃኒት) ሳይያዝ ለክትባት አይወጣም። መጣሉ ብዙ ጊዜ ከማሯሯጥና ከአያያዝ ይመጣል፣ የውርጃ በሽታ ክትባት ግን ራሱ ሊያስጥል ይችላል፣ ሰውንም ያሳምማል፣ ለባለሙያ ተወው።

በየአመቱ እንከትባለን፣ በሽታው ግን በየአመቱ ይመለሳል

ሂሳቡን እንስራው። 100 ፍየል አለ፣ 80ው ተከተበ። በአመቱ 30 ተሸጠ፣ ከነሱ 24ቱ የተከተቡ ናቸው እንበል፣ 40 ግልገል ተወለደ። አሁን ከ110 ፍየል መከላከያ ያለው 56 ነው፣ ከግማሽ ትንሽ ያለፈ ማለት ነው፣ ማንም ሳያጠፋ። የፒፒአር ክትባት አንዴ ከተሰጠ ቢያንስ 3 አመት ይቆያል፣ ስለዚ በየአመቱ እነዛኑ ትልልቆች ደጋግሞ ከመውጋት አዲስ የተወለደውንና አዲስ የገባውን ማሳደድ ይሻላል። ተገዝቶ የመጣ ደግሞ 3 ሳምንት ለብቻው ይታሰር፣ ይከተብ፣ ከዛ ይቀላቀል።

የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከአለም ጠፋ ተብሎ የታወጀው ክትባቱ ጥሩ ስለነበረ ብቻ አደለም፣ በሽታው የተደበቀበትን መንጋ እየፈለጉ ስለሄዱ ጭምር ነው።

ደብተር ላይ የሚጻፈው ብዙ አደለም፣ የጆሮ ቁጥር፣ እድሜ፣ የክትባቱ ስም፣ ባች ነምበር፣ ኤክስፓየር ዴት፣ የተበጠበጠበት ሰአት፣ የወጋው ሰው፣ እና ሳይከተቡ የቀሩት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጽፈውም፣ እኔ ግን በሽታ ተነሳ ሲባል ደብተሩን የምከፍተው እሱ ገጽ ላይ ነው።