አሮጌ ክሩዘር ሳይክል እንዴት ይታደሳል? ከዝገቱ እስከ ፍሬሙ ስቲከር

ወፍራም ጎማ፣ ሰፊ መሪ፣ የተጠማዘዘ ፍሬም፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን። ክሩዘር የሚባለው ሳይክል ይሄ ነው። መነሻው አሜሪካ ነው፤ የቺካጎው ሳይክል አምራች ሽዊን እ.ኤ.አ. በ1933 ወፍራም ጎማ የገጠመ ሳይክል ካወጣ በኋላ ነው በሰፊው የተለመደው። እኛ ከተማ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ግን አንዳንዴ የሰው ጓሮ ቆርቆሮ ስር ወይም ምናለሽ ተራ ከብረት ክምር መሀል ብቅ ይላል። ካገኛችሁ አትለፉት። አሁን መሀል አዲስ አበባ ላይ የሳይክል መንገድም ስላለ፣ የሚነዳበት ቦታ አይታጣም።

አንድ ነገር ከሁሉም በፊት፦ ቀለም ቀቢ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ፍሬሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ አትርፉ። ቀለም ነገም ይገኛል። ተፍቆ የጠፋ ጽሑፍ ግን ቅርጹን፣ መጠኑን፣ የነበረበትን ቦታ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ በኋላ የምትለጥፉት ሁሉ ግምት ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉን ቅዱ

ሳይክሉን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና እጠቡ። ስቲከሩ ያለበትን ቦታ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ንኩት። ቲነር ወይም ቤንዚን እንዳታስጠጉ፣ ያሟሟዋል።

ከዚያ ፎቶ አንሱ። ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብላችሁ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጣችሁ። ቀጥሎ ትሬሲንግ ፔፐር ወይም ስስ ግልጽ ላስቲክ ፍሬሙ ላይ አጥብቃችሁ አስሩና ፊደሉን በቀጭን ማርከር ተከተሉት። ከመሪው አንገት ስንት ሴንቲሜትር ይርቃል? ከቱቦው መሀል ስንት ወደ ታች ይወርዳል? ሁሉንም እዚያው ላስቲኩ ላይ ጻፉት። የቱቦውን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። የሰንሰለት መሸፈኛው ላይም ስም ሊኖር ስለሚችል እሱን አትርሱ።

ጽሑፉ የጠፋ ከመሰላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መሸት ሲል ባትሪ አብሩና ብርሃኑን ከጎን፣ ከቱቦው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ልቀቁት። ስቲከሩ ለዓመታት ከፀሐይ የከለለው ቀለም ከአካባቢው ትንሽ ደመቅ ብሎ ይታያል፣ የፊደሉ ጠርዝም ጥላ ይጥላል። ካሜራችሁን ያኔ አዘጋጁ።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ዋናው ቀለምና ጽሑፍ ከግማሽ በላይ በሕይወት ካለ አትቀቡት። ዝገቱን አጽዱ፣ ሰም ቀቡት፣ በቃ። ቧጨራው የሳይክሉ ዕድሜ ነው፣ ማንም አዲስ ቀለም ቀቢ አይሠራውም።

መፍታት

እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ብሎኑን፣ ዳዶውን፣ የኩሽኔታ ኳሶቹን በየፌስታሉ ለየብቻ አስገቡና ከየት እንደወጡ ጻፉበት።

ብዙ ሰው የሚታገለው ፔዳልና ክራንክ (ፔዳሎቹ የሚታሰሩበት ክንድ) ላይ ነው። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለመፍታት በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። የብዙዎቹ የአሜሪካ ክሩዘሮች ክራንክ ደግሞ ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ ብረት ነው፣ በግራ በኩል ያለው ዳዶውም እንደዚሁ በሰዓት አቅጣጫ ይፈታል። የግራውን ፔዳል መጀመሪያ አውጡ፣ ዳዶውን ቀጥሉ፣ ከዚያ ክራንኩን በቀኝ በኩል እያጠማዘዛችሁ ሳቡት። አልፈታ ካለ ዘይት አጠጡትና አሳድሩት። በመዶሻ አትምቱት።

ፊት ላይ ያለችውን የብረት አርማ በጥንቃቄ አንሷት። ከሥሯ ፀሐይ ያልነካው ዋናው ቀለም ይገኛል። የመኪና ቀለም የሚቀምሙ ሱቆች ከዚያ አይተው ይቀምሙላችኋል፤ ከደበዘዘው ቱቦ ላይ ካስቀዳችሁ ግን የደበዘዘውን ነው የሚሰጧችሁ።

ፍሬሙ ባዶውን ሲቀር ቀጥ ማለቱን በክር ፈትሹ። ክሩን ከኋላ ጎማው የግራ መያዣ ጀምራችሁ በመሪው አንገት አዙራችሁ ወደ ቀኙ መያዣ መልሱት። ከመቀመጫው ቱቦ እስከ ክሩ ያለው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ፣ ከቀለሙ በፊት ማቃናት ይቀድማል።

ዝገትና ቀለም

ለትናንሽ ብሎኖች አቼቶ ይበቃል። አሳድሩት፣ በብሩሽ ፈትጉት፣ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውሃ አለቅልቁ፣ ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት አስነኩት። የሚያብረቀርቀውን ክሮም ግን አቼቶ ውስጥ አታሳድሩ። እሱን የተጨማደደ አልሙኒየም ፎይል በውሃ እያረጠባችሁ እሹት፤ አልሙኒየም ከክሮሙ ስለሚለሰልስ ዝገቱን አንስቶ ክሮሙን አይጭረውም።

ፍሬሙን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁት ከሻካራው ጀምሩ፣ በ400 እና በ600 ቁጥር ጨርሱ። ውሃ እያስነካችሁ ፍቁት፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ መኖሩ የተለመደ ነበር፣ ብናኙ ለልጆች ክፉ ነው። ከዚያ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ)፣ ከዚያ ቀለም፣ ሁሉም ስስ ስስ እየተደረገ። ክረምት ላይ ይህን ሥራ አትጀምሩ፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ከቀለሙ ላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን፣ ክሊሩ፣ ጭጋግ እንደያዘው መስታወት ይነጣል። ከጥቅምት በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ይሻላሉ።

ስቲከሩ

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ቀለም፣ ስቲከር፣ ክሊር። ክሊሩ ከላይ ካልመጣ ስቲከሩ በእጅ ላብና በዝናብ ይላጣል።

ለታወቁ የድሮ ሳይክሎች የተባዛ ስቲከር ውጭ አገር ይሸጣል። ወረቀት ስለሆነ ከዚያ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ጣል ያደርግላችኋል። ካልሆነ የቀዳችሁትን ይዛችሁ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ወደ ማስታወቂያ ማተሚያ ቤት ሂዱ። ፊደሉን በኮምፒውተር እንደገና ሥሉልኝ በሏቸው፣ ፎቶውን ብቻ አሳድገው ካተሙት ጠርዙ ይሻክራል። ስቲከሩ የሚሠራበት ላስቲክ፣ ቪኒሉ፣ በጣም ስስ ይሁን። እያንዳንዱ ፊደል ተቆርጦ ይውጣ፣ ዙሪያውን ግልጽ ላስቲክ ከተረፈ ከክሊሩ ሥር ያስታውቃል። ከመለጠፉ በፊት ተራ ወረቀት ላይ አሳትማችሁ ፍሬሙ ላይ ሞክሩት።

ቀለሙ ጥቂት ቀናት ይድረቅ። የቱቦውን መሀል በክር አግኙና በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ቪኒል ከሆነ፣ አንድ ጠብታ ሳሙና ያለበት ውሃ ፍሬሙ ላይ ርጩ፤ ያኔ ስቲከሩ ወዲያው አይያዝም፣ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ታስተካክሉታላችሁ። በውሃ የሚንሸራተተው የድሮው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ንከሩት። ወረቀቱ ላይ በጣታችሁ ገፋ ስታደርጉት ከተንቀሳቀሰ ደርሷል። በግድ አትላጡት፣ ወረቀቱን ቱቦው ላይ አስቀምጡና ከሥሩ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በሁለቱም ዓይነት ውሃውንና አየሩን ከመሀል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ አስወጡ። አንድ ቀን ሙሉ ይደር።

የመጀመሪያውን ክሊር እንደ ጉም ብናኝ ብቻ አድርጉት። በአንድ ጊዜ ካራሳችሁት ስቲከሩ ይሸበሸባል፣ መመለሻም የለውም። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ክሊር ለጋራዥ ሰው ስጡ፣ ጭሱ ለሳንባ አደገኛ ነው።

መግጠም

ጎማ ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ። 26 × 2.125 የሚል ከሆነ መርካቶ የሚሸጠው የተራራ ሳይክል 26 ጎማ ይገባለታል። 26 × 1 3/4 የሚለው የሽዊን ቸርኬ ግን ሌላ ነው፤ ዲያሜትሩ 571 ሚሊሜትር ነው፣ የፊተኛው 559። አንድ ይመስላሉ፣ አይገጥሙም።

ኩሽኔታዎቹን አጽድታችሁ አዲስ ግሪስ ሙሉ። ሰንሰለቱ መሀሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይላላ። የኋላ ፍሬኑ ክንድ ደግሞ ከፍሬሙ ጋር በማሰሪያው መታሰሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ እሱ ከተፈታ ፍሬን የለም። ይህ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ በጣም ይግላል፣ ሰንሰለቱ ከወለቀም አይሠራም። ስለዚህ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የምትወርዱ ከሆነ የፊት ፍሬን አስገጥሙ።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉዞ በኋላ ክራንኩንና የጎማዎቹን ዳዶዎች እንደገና አጥብቁ። ሰም ግን ክሊሩ አንድ ወር እስኪሞላው አትቀቡ።