የአውቶቡስ ሹፌሮች አድማ ሊመቱ ነው ሲባል ምን እናድርግ?

ዲሲና አካባቢው የምትኖሩ ይህን ወሬ መቼም ሳትሰሙ አትቀሩም። ሹፌሮቹና አሠሪዎቻቸው በኮንትራት አልተስማሙም፣ ከሰኞ ጀምሮ አውቶቡስ የለም ይባላል። ከዚያ ግሩፑ በሙሉ ይንጫጫል። እውነቱን ከወሬው የምትለዩት እንዲህ ነው።

1. የሹፌሩን ቀጣሪ እወቁ

ዋናው ይኼ ነው። አውቶቡሱ ላይ የተጻፈው ስምና ለሹፌሩ ደሞዝ የሚከፍለው ድርጅት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

የሜትሮባስ ሹፌሮችን የሚቀጥረው የአካባቢውን ባቡርና አውቶቡስ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ራሱ ሜትሮ ነው። ሜትሮን ያቋቋመው የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ውል ደግሞ ድርድሩ ካልተሳካ ጉዳዩ ወደ ገላጋይ ዳኞች እንዲሄድ ያዛል፤ ውሳኔያቸውም ሁለቱንም ወገን ያስራል። ስለዚህ እዚያ አድማ ብርቅ ነው። (እ.ኤ.አ. በ1978 ሹፌሮቹ ማኅበራቸውን ሳይጠብቁ ሥራ አቁመው ነበር፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።)

የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ አውቶቡስ፣ ፌርፋክስ ኮኔክተር ግን እንደዚያ አይደለም። አውቶቡሱ የካውንቲው ነው፣ ሹፌሩ ግን ትራንስዴቭ የሚባል የግል ኩባንያ ቅጥር ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ሎካል 689 የሚባለው የሹፌሮች ማኅበር አባላት ሥራ አቆሙና ሁለት ሳምንት ያህል ሰው እግሩን አመነ።

ጭራሽ የሚያደናግረው ሎርተን ያለው የሲንደር ቤድ ጋራዥ ነበር። አውቶቡሶቹ የሜትሮ፣ ሹፌሮቹ ግን የትራንስዴቭ። ሥራው ያው፣ ደሞዙ ከሜትሮ ሹፌሮች ያነሰ። በኦክቶበር 2019 አድማ መትተው ወጡ፣ እስከ ጃንዋሪ አልተመለሱም። የሜትሮ ሹፌር አድማ አይመታም ብሎ ተማምኖ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ብርዱን ጠጣ።

እንዴት ላውቅ ካላችሁ፣ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መሪውን የያዘው የኛው ሰው ነው። ቀይ መብራት ሲይዘው ጠብቃችሁ "ጋሼ፣ ደሞዝ የሚከፍልዎት ሜትሮ ነው ወይስ ኩባንያ?" በሉት። አይቆጣም፣ እንዲያውም ወሬውን ሁሉ ይዘከዝክላችኋል።

2. "ድምፅ ሰጡ" ሲባል አትደንግጡ

አባላት አድማን የሚደግፍ ድምፅ ሰጡ ማለት ነገ ይወጣሉ ማለት አይደለም። ተደራዳሪዎቹ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጡት ዱላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይመዘዝ ይቀራል። ኮንትራቱ አለቀ ማለትም ሥራ ቆመ ማለት አይደለም፣ ንግግሩ እየቀጠለ በአሮጌው ውል ለወራት ሊሠሩ ይችላሉ። የምትጠብቁት ማኅበሩ ራሱ የሚቆርጠውን ቀንና ሰዓት ነው።

3. የተጣሉበትን ነገር አንብቡ

ሁሌ ደሞዝ ብቻ አይምሰላችሁ። ፌርፋክስ ላይ የጡረታና የሕመም ፈቃድ ጉዳይም ነበረበት። በዚህ ሥራ ደግሞ ለሁለት የተቆረጠ ሽፍት የሚባል ጣጣ አለ፦ ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ሲጎርፍ ትነዳለህ፣ ቀን ላይ የትም ትንከራተታለህ፣ ማታ እንደገና መሪ ትይዛለህ። ነገሩ ገንዘብ ብቻ ከሆነ መሐል ላይ መገናኘት ይቻላል። ጡረታ ከገባበት ረዘም ላለ ጊዜ ተዘጋጁ።

4. የራሳችሁን መንገድ አብጁ

ለአለቃችሁ ቀድማችሁ በጽሑፍ ንገሩ፣ በቃል አይደለም። አንድ ሰፈር ከሚኖር የሥራ ባልደረባ ጋር ቤንዚን ተካፍሎ መሄድ ከኡበር በብዙ ይረክሳል። ሌላ ማኅበር ያለበት ወይም ሌላ ቀጣሪ ያለው መስመር አይቆምም፤ በ2024 ኮኔክተር ሲቆም የሜትሮ ባቡርና ሜትሮባስ ይሠሩ ነበር። በዚያ ሳምንት የወር ማለፊያ አትግዙ፣ የትራንስፖርት መክፈያው ስማርትሪፕ ካርዳችሁ ላይ የምትፈልጉትን ያህል ብቻ ሙሉ። ዳያሊሲስ ያለባቸው እናትና አባት ካሏችሁ ይህን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ክሊኒኩ ደውሉ።

5. "ተስማሙ" ሲባልም ቆዩ

መጀመሪያ የሚደረሰው ጊዜያዊ ስምምነት ነው። አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ካላጸደቁት እንደገና ወደ ጠረጴዛ ይመለሳሉ። ከጸደቀ በኋላም የመጀመሪያውን ጠዋት ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ።