ለኤልክ አደን ከ150 ወደ 180 ግሬን አረር የቀየርኩበት ምክንያት

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘመድ) ለምታድኑ ይጠቅማችኋል። ጠመንጃዬ .30-06 የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ነው። ተራው የ150 ግሬን አረር (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው፤ 150ው 9.7 ግራም ገደማ ይሆናል) ለአጋዘን ግሩም ነበር። ኤልክ ላይ ግን የትከሻ አጥንት ሲያገኝ ተበታተነ፤ ሳንባ ጋ አልደረሰም። ሁለተኛው ጥይት እስኪመታው እንስሳው ተሠቃየ። ይህን ማየት በጣም ይከብዳል።

አሁን 180 ግሬን ነው የምጠቀመው፤ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀውን ዓይነት። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ890 ሜትር ወደ 820 ገደማ ይወርዳል። ቢሆንም አጥንት መትቶ አይበተንም፣ ጠልቆ ይገባል። በእኔ እምነት ከክብደቱም በላይ የረዳኝ መጣበቁ ነው።

ጥይት ስትቀይሩ የግድ ኢላማ ላይ ሞክሩ። የእኔ ዝቅ ብሎ ስለመታ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ለ200 ያርድ (183 ሜትር ገደማ) እንደገና አስተካከልኩት። ከዚያ በኋላ ለኤልክ አንድ ጥይት በቃ፤ አረሩን በወዲያኛው ጎን ቆዳ ሥር አገኘሁት።