የድሮ የፖሊስ መኪና የጣራ መብራት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከአሜሪካ የፖሊስ መኪና የወረደ አሮጌ የጣራ መብራት (ላይትባር) ብዙ ጊዜ የሚሸጠው «ደህና ነው፣ አምፖል ብቻ ነው የሚፈልገው» እየተባለ ነው። አምፖል ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቴስተር (የኮረንቲ መለኪያ) ያዙ። ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ዕቃ ቀድሞ የሚከዳው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የያዛችሁት የትኛው ዓይነት እንደሆነ እዩ። ፌዴራል ሲግናል የተባለው ፋብሪካ በሠራቸው ቢኮን ሬይና ትዊንሶኒክ ላይ የሚሽከረከረው መብራቱ ራሱ ነው። ኮድ 3 የተባለው ፋብሪካ በሠራው ኤምኤክስ 7000 ላይ ግን አምፖሉ ቆሞ አንጸባራቂው ብቻ ይዞራል። ምርመራው በዚህ ይለያያል።

መብራቱን ጠረጴዛ ላይ አውርዳችሁ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ሞክሩት። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ይግባ።

ጭራሽ አይሠራም

ፊውዙን፣ ከዚያ ዋናውን ገመድ ፈትሹ። በሽቦዎቹ ቀለም አትመኑ። መኪናው ከፖሊስ እጅ ከወጣ በኋላ ስንቱ ቆርጦ ቀጥሎት ይሆናል። እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ተከታትላችሁ በወረቀት ምልክት እሰሩበት። አሰልቺ ነው፣ ግን ኋላ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ይበራል፣ ግን ደብዛዛ ነው

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። አምፖሉን አውጥቶ ሶኬቱን ይለካል። ቴስተሩ 12 ቮልት ያሳየዋል። «ኮረንቲ አለ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው» ብሎ ይደመድማል። አምፖል ያልተጫነበት ሽቦ ግን በአንዲት ቀጭን ክር ብቻ ቢያያዝም 12 ቮልት ያሳያል። መለካት ያለበት መብራቱ በርቶ ሳለ ነው።

አንድ ባለ 55 ዋት አምፖል ወደ 4.6 አምፔር ይወስዳል። አራቱ አንድ ላይ ከ18 አምፔር በላይ ናቸው። ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ አምስት ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር ሲመለስ፣ በዚህ ጭነት ከ1.2 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ የአምፖሉ ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሽቦውን ወደ 6 ሚሊሜትር ካሬ ስታሳድጉት ኪሳራው ወደ ግማሽ ቮልት ይጠጋል።

ቀጥሎ ማሳውን (ኮረንቲው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መስመር) ፈትሹ። መብራቱ በርቶ ሳለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የአምፖሉ ማሳ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቀለም ወይም ዝገት ላይ የታሰረ ብሎን ነው። ብረቱ እስኪያበራ ጥረጉት፣ አዲስ የሽቦ ጫፍ ግጠሙ። ከዚያ ላይትባሩን ጣራው ላይ በያዘው እግር አትተማመኑ፤ ራሱን የቻለ የማሳ ሽቦ እስከ ባትሪው አውርዱለት።

የድሮው ማብሪያም ያን ሁሉ አምፔር መሸከም የለበትም። በመካከል ሪሌ (በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ይግባ። በሪሌው እግሮች ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች 30 ከባትሪው በፊውዝ፣ 87 ወደ መብራቱ፣ 85 እና 86 ደግሞ ማብሪያውና ማሳው ናቸው።

ሲሽከረከር ብልጭ ድርግም ይላል

መብራቱ ራሱ በሚዞርበት ዓይነት ላይ ኮረንቲው የሚያልፈው በካርቦንና እሱ እየተሻሸ በሚነካው የብረት ቀለበት ነው። ካርቦኑ አልቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ይሆናል። ቀለበቱን በላጲስ አሹትና በአልኮል ጥረጉት። ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት፤ የጫረው ቀለበት አዲሱን ካርቦን ቶሎ ይበላዋል። አንጸባራቂው ብቻ በሚዞርበት ላይ ግን ሶኬቱን እዩ፤ ላልቶ ወይም በሙቀት ተቃጥሎ ይሆናል።

ሞተሩ ያቃስታል፣ ቀስ ብሎ ይዞራል

መጀመሪያ ከኮረንቲ ነቅላችሁ በእጅ ቀስ ብላችሁ ለማዞር ሞክሩ፤ እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። ከከበደ ምክንያቱ የደረቀ ግሪስ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ጠርጋችሁ አውጡና ለፕላስቲክ የሚስማማ ግሪስ በስሱ ቀቡት። ጥርሱ ፕላስቲክ ከሆነ ቤንዚንና ቲነር ባጠገቡ አይድረስ። በእጅ ቀሎ እየዞረ ሞተሩ ብቻ ከደከመ ከባትሪው ቀጥታ ስጡት። በቀጥታ ጥሩ ከሮጠ ሞተሩ ንጹህ ነው፤ ተመልሳችሁ ሽቦውን ፈትሹ።

አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል

የመኪናው ሞተር ተነስቶ ሳለ ባትሪውን ለኩ። 14 ቮልትና ትንሽ ፈቀቅ ያለ ልክ ነው። 15 ከዘለለ ችግሩ የመኪናው ቻርጅ ነው። ሃሎጅን ስትገጥሙ ብርጭቆውን በባዶ ጣት አትንኩ፤ የእጅ ቅባት የነካው ቦታ ለብቻው ይግላል።

ዝናብ ሲመጣ ፊውዝ ይበጥሳል

ሽቦው ወደ ውስጥ የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ። መከላከያ ጎማው ደርቆ ተሰንጥቆ፣ ብረቱ ሽቦውን ልጦት ታገኙታላችሁ። ሽቦውን ቀይሩ፣ አዲስ ጎማ አስገቡ። ትልቅ ፊውዝ መፍትሄ አይደለም፤ እሳት መጥራት ነው። ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሲሊኮን የሚደፍን ሰው አለ። ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ውሃው መግባቱ ስለማይቀር መውጫ ያስፈልገዋል።

ሽፋኑ ደብዝዟል

ሽፋኑ ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ፕላስቲክ) ከሆነ በውሃ እያረጠባችሁ በ800፣ በ1500፣ በ2000 ቁጥር ወረቀት አሹት፤ ከዚያ በፖሊሽ ጨርሱ። በአሴቶን መጥረግ ሽፋኑን መግደል ነው፤ ወዲያው ይሰነጣጠቃል። ፀሐይ የበላው ቀይና ሰማያዊ ግን አይመለስም። ሌላ ሽፋን መፈለግ ነው።

በዜነን ብልጭታ የሚሠራ (ስትሮብ) ዓይነት ከሆነ አቁሙ። የኃይል ሳጥኑ ከጠፋ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ኤልኢዲ ይሻላል የሚሉ አሉ። ኮረንቲ ይቆጥባል፣ እውነት ነው። እኔ ግን የሚዞረውን ብርሃን አውጥቶ ኤልኢዲ የሚተካ ሰው ለምን የድሮ ዕቃ እንደገዛ አላውቅም።

አሜሪካ ላላችሁ፦ በብዙ ግዛቶች የግል መኪና መንገድ ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ መብራት ማብራት ክልክል ነው፤ ዝርዝሩ እንደየግዛቱ ይለያያል። ወደ መኪና ትርዒት ስትነዱ ላይትባሩን በጨርቅ ሸፍኑት፣ ፊውዙንም ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት።