ከደብረ ማርቆስ ሆኖ የኮከብን መወለድ ለተማሪ ማሳየት

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። «ኮከብ እንዲወለድ መጀመሪያ ምን ያስፈልጋል?» ስላቸው ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «እሳት!» ይላሉ። የለም፣ ብርድ ነው።

ትንሽ ዳግም አረቄ ፈልጉ፤ ተራው ውሃ ስለሚበዛበት በደንብ አይነድም። ጥጥ ነክራችሁ በብረት ክዳን ላይ አድርጉና ጨው ነስንሱበት። ጠርሙሱን አርቃችሁ ለኩሱት። እየነደደ አረቄ መጨመር ክልክል ነው! መብራት አጥፉ፤ እኛ ሰፈር እንኳ ራሱ ይጠፋል። ነበልባሉን በአሮጌ ሲዲ ላይ አንጸባርቃችሁ ስታዩት ቢጫው ጎልቶ ይወጣል። የጨው ሶዲየም ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖሜትር ገደማ። ሳንነካው በብርሃኑ አወቅነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ውጭ ውጡ። የካቲት መጀመሪያ፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አናት ላይ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ወደ ጮቄ ገጠሩ ወጣ ካላችሁ የበለጠ ይታያል። በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስት ኮከቦች ያዙና ትንሽ ወደ ደቡብ ውረዱ። ጭጋግ የመሰለችው ነጥብ ኮከብ የሚወለድባት ደመና ናት፤ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች።

ኮከብ የሚሠራው ደመና በብዛት ሃይድሮጅን ነው። ሁለት የሃይድሮጅን አተሞች በባዶው ቢገናኙ ትርፍ ጉልበታቸውን የሚቀበል ስለሌለ ይለያያሉ። ደመናው ውስጥ ያለ ብናኝ ላይ ሲያርፉ ግን ብናኙ እንደ ሽማግሌ መሀል ገብቶ ሙቀቱን ይቀበላል፣ እነሱም ይጣመራሉ።

ችግሩ፣ የደመናው ቀዝቃዛ ክፍል ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ይህ ሃይድሮጅን ምንም ብርሃን አይሰጥም ማለት ይቻላል። የሚያሳብቅበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አዎ፣ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ! በ1970 እ.ኤ.አ. ኦሪዮን ውስጥ በ2.6 ሚሊሜትር የሬዲዮ ሞገድ ተገኘ። ሞለኪውሉ ከሃይድሮጅን ጋር ሲጋጭ ይሽከረከራል፤ ያገኘውን ጉልበት በሬዲዮ ሞገድ ወደ ውጭ ይለቃል። ደመናው ሲጨመቅ የሚፈጠረው ሙቀት በዚህ መንገድ ይወጣል። ሙቀቱ ባይወጣ ግፊቱ የስበትን ኃይል ይመክት ነበር። እዚህ ጋ ቸኩላችሁ አትለፉ፤ ተማሪው «ብርድ» የሚለው የሚገባው እዚህ ነው።

የቤት ሥራም አለ። ደመናው መሀሉ ላይ በጣም ሲጠቀጠቅ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ራሱ ብናኙ ላይ በረዶ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ያኔ ሙቀቱን ማን ያስወጣል? ጎበዝ ተማሪ ብናኙን ይጠራል።