ስልክ ላይ የታየ ቻት ኮምፒውተር ላይ ሲጠፋ፦ የዜድኤንሲ ችግርና መፍትሄ

ከኮዬ ፈጬ እስከ ሱሉልታ አንድ የአይአርሲ (የጽሑፍ መወያያ መረብ) ግንኙነት በዜድኤንሲ (ሁልጊዜ ተገናኝቶ መልእክት በሚያቆይ ፕሮግራም) በኩል ለስልክና ለኮምፒውተር የሚያካፍል ሰው ሁሉ የሚያማርረው ይህንኑ ነው፦ ቀን በስልክ የተነበበው ማታ ኮምፒውተር ላይ የለም። ሲብስም ከሁለቱም ይጠፋል። ጥፋቱ ሁሌ በኔትወርክ ይላከካል፤ ዋናው ችግር ግን ማስተካከያው ነው።

ምክንያት፦ «አውቶ ክሊር ቻን በፈር» የተባለው ማስተካከያ ዜድኤንሲ ገና ሲጫን በርቶ ይመጣል። ቀድሞ የገባው መሣሪያ የተጠራቀመውን እንደወሰደ ዜድኤንሲ ቋቱን (መልእክት የሚጠራቀምበትን ቦታ) ያጸዳዋል፤ ቀጥሎ የገባው ባዶ ያገኛል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንድ መሣሪያ እንኳ ገብቷል ብሎ ካመነ ምንም አለማስቀመጡ ነው። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ሲጠፋ ስልኩ ሳይሰናበት ይቋረጣል። ዜድኤንሲ ይህን የሚያውቀው 180 ሰከንድ ምንም ሳይሰማ ሲቀር ነው። ስልኩ በ4ጂ እስኪመለስ የመጣው መልእክት በሞተው መስመር ተልኮ ይቀራል፤ ቋቱ ውስጥም አይገኝም። ለማረጋገጥ «ስታተስ» በተባለው የዜድኤንሲ የትዕዛዝ መስኮት «ሊስት ክላየንትስ» ብላችሁ ጻፉ፤ አንዱ ስልክ ሁለት ቦታ ከወጣ አንዱ ሙት ነው።

መፍትሄ፦ በዌብ አድሚን (በብራውዘር በሚከፈተው የዜድኤንሲ ማስተካከያ) ገጽ የ«አውቶ ክሊር ቻን በፈር»ን ምልክት አንሱ። የራሱ ምልክት ያለው ቻናል ካለ እዚያም ገብታችሁ አንሱ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይረሳል። ለግል መልእክት «አውቶ ክሊር ክዌሪ በፈር» ለብቻው አለ፣ እሱንም አጥፉ። የቋቱን መጠን ከ50 ወደ 500 መስመር አሳድጉ።

አሁን ደግሞ በገባችሁ ቁጥር ያው የቆየ ቻት ይደጋገማል። ለዚህ «ክላየንት በፈር» የተባለውን፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ያልደረሰውን ብቻ የሚልከውን ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) ጫኑ። ከዜድኤንሲ ጋር አብሮ አይመጣም፤ በ«ዜድኤንሲ ቢልድሞድ» ራሳችሁ ትገነቡታላችሁ፣ ዜድኤንሲን ባሻሻላችሁ ቁጥርም እንደገና። ከዚያ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ስጡ፦ የተጠቃሚ ስም፣ @፣ መለያ፣ /፣ ኔትወርክ። ሁለት መሣሪያ በአንድ መለያ ካስገባችሁ ችግሩ እንደነበረ ይመለሳል! መለያውን ከስልኩ ላይ ገልብጦ ኮምፒውተሩ ላይ መለጠፍ የዚህ ስህተት ምንጭ ነው።

ከላይ ያነሳነውን የ180 ሰከንድ መጠበቂያ ወደ 60 ማውረድ ሙቱን መስመር ቶሎ ያስወጣል። 30 አታድርጉት፤ ቁጥሩ ለሰርቨሩም ስለሚሠራ ደካማ መስመር ላይ ዋናውን ግንኙነት ይቆርጣል።

ዜድኤንሲ እየሠራ የማስተካከያ ፋይሉን በእጅ አትንኩ፤ መልሶ ይጽፍበታል። መጀመሪያ አቁሙት። በሩትም (በሥርዓቱ ዋና አስተዳዳሪ ስም) አታስነሱት።

የአንዱ መሣሪያ ጥያቄ መልስ ሌላው ላይ ከፈሰሰ «ራውት ሪፕላይስ» የተባለውን ሞጁል ጫኑ። ዌብ አድሚን በብራውዘር እምቢ ካለ ፖርቱ 6667 ወይም 6697 ሊሆን ይችላል፤ ብራውዘሮች ስለሚያግዱት ሌላ ምረጡ። ቤት ካለው ኮምፒውተር ጋር ከውጭ መገናኘት ካልተቻለ መስመሩ የራሱ የሕዝብ አይፒ (ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ) ላይኖረው ይችላል፤ ዜድኤንሲን ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ላይ አድርጉት፣ ቤት መብራት ቢሄድም አይወድቅም።