አሮጌ ላፕቶፕን ወደ ዊንዶውስ 11 ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ከዚያ ወዲህ ጅማ ውስጥ «ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለኝ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ብዙዎቹ «አርጅቷል፣ ሌላ ግዛ» ተብለው ነው የሚመጡት። በዚህ ኑሮ ውድነት አንድን ላፕቶፕ ሳይመረምሩ መጣል ያሳዝናል። ችግሩ ብዙ ጊዜ አንድ የተዘጋ ማብሪያ ነው።

«ቲፒኤም የለውም» ብሎ መደምደም

ቲፒኤም የምስጢር ቁልፎችን የሚይዝ የደህንነት ክፍል ነው። ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው 2.0ን ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብረው ተጭነው «ቲፒኤም ነጥብ ኤምኤስሲ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። «አልተገኘም» ካላችሁ ገና አትደንግጡ፤ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ወደ ባዮስ ያስገባል። ፕሮሰሰሩ (ዋናው ቺፕ) ኢንቴል ከሆነ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤፍቲፒኤም የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። «ክሊር ቲፒኤም» የሚለውን ግን አትንኩ፤ የተቀመጡትን ቁልፎች ያጠፋል።

የዲስኩን አከፋፈል ሳይቀይሩ ሌጋሲን መዝጋት

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌርን የሚከለክል ጥበቃ) የሚሠራው በዩኢኤፍአይ፣ ማለትም በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ ነው። ድሮ በሌጋሲ፣ ማለትም በአሮጌው የማስነሻ ዘዴ የተጫነ ዊንዶውስ ደግሞ የዲስኩ አከፋፈል ኤምቢአር ነው፤ ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው ጂፒቲ የተባለውን ነው። ባዮስ ገብታችሁ ሌጋሲን ብቻ ብትዘጉት ኮምፒውተሩ «የሚነሳ ዲስክ የለም» ይላል። ያኔ አንዱ መጥቶ ፎርማት ያደርገዋል፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ቴሲስ አብሮ ይሄዳል። ፎርማት አያስፈልግም! ሌጋሲን መልሳችሁ ብታበሩት ዊንዶውሱ ይነሳል። ከዚያ ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡና ከዊንዶውስ 10 ጋር በሚመጣው ኤምቢአርቱጂፒቲ በተባለው መሣሪያ ዲስኩን ወደ ጂፒቲ ቀይሩ። መጀመሪያ በማረጋገጫ ትዕዛዙ ፈትሹት፤ ካለፈ ቀይሩት። ሌጋሲን የምትዘጉት ከዚያ በኋላ ነው።

የቢትሎከርን ቁልፍ ሳይዙ ባዮስ መንካት

ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) ከተቆለፈ፣ ባዮስ ሲቀየር 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ያ ቁልፍ ከሌለ ፋይሉም የለም። ቀድማችሁ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። ሥራው እስኪያልቅም ቢትሎከርን ለጊዜው አቁሙት።

መብራት በሚሄድበት ሰዓት ባዮስ ማደስ

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደና ባትሪው ከሞተ፣ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ባትሪው የማይዝ ከሆነ ዩፒኤስ ያለበት ቦታ ሂዱ።

ፕሮሰሰሩን መርሳት

ቲፒኤም 2.0 ስላለ ብቻ ነገሩ አያልቅም። ለኢንቴል ኮር ባጠቃላይ 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ነው ተቀባይነት ያለው። አይ5-6300ዩ 6ኛ ትውልድ ነው፤ አይ5-8250ዩ ደግሞ 8ኛ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። ያገለገለ ላፕቶፕ ከመርካቶ መጣ ብለው ሲያሳዩዋችሁም ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህንኑ አስከፍታችሁ እዩ።

ምርመራውን አታልሎ ማለፍ

መስፈርቱን ዘልሎ የሚጭን ፍላሽ ማዘጋጀት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም። የሱቅ ሒሳብ ወይም የባንክ ሥራ ለሚሠራበት ኮምፒውተር አልመክርም። ፕሮሰሰሩ ካልፈቀደ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና ጫኑበት፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል፣ የደህንነት ማሻሻያውም በነፃ ይመጣለታል።